ርእሰ አንቀጽ፦ የማማው ላይ ልጅ ጥያቄ

መስከረም ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከዝግጅት ክፍላችን አባላት ሁለታችን ከቆቦ ተነሥተን በአላማጣ መንገድ ወደ ዋጃ ሄደን ነበር። ጊዜው ማሽላው እሸት የያዘበት ስለ ነበረ በየማሳው መካከል ማማ ቆሟል፤ በየማማውም ላይ ልጅ ወንጭፉን ይዞ ወፍ ይጠብቃል። ከነዚህ ልጆች አንዱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው። በአንድ እጁ ወንጭፍ፣ በሌላው እጁ አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት ይዟል። ወረቀቱ ከቴሌግራም ወርዶ ፎቶ ኮፒ ቤት የተባዛ የእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝር ነው። ልጁ ወፍ ባረፈ ቁጥር ድንጋዩን ይወረውርና ተመልሶ፣ «አባንደን፣ መተው፤ አቤት፣ መቀነስ» እያለ ይሸመድዳል።

«ይህ ሁሉ ለምን ነው?» ብለን ብንጠይቀው፣ «ለአፕቲትዩድ ነው፣ ጋሼ። ባዮሎጂውንና ኬሚስትሪውን እችለዋለሁ፤ የሚጥለኝ ቨርባሉ ነው። ሐኪም መሆን ነው የምፈልገው» አለን። ጥቂት ዝም ካለም በኋላ፣ «እናንተ ግን ስንት ቃል ሸምድዳችሁ ነው የገባችሁት?» ሲል ጠየቀን።

እኛም ሣቅ ብለን ነገሩን አለፍነው። ይህ ርእሰ አንቀጽ ለዚያ ልጅ በጊዜው ሳንሰጠው የቀረነው መልስ ነው። ለእሱ ብቻም አይደለም፤ በማኅበራችን ውስጥ ስለዚሁ ነገር ክርክር ተነሥቶ ስላለ፣ ለአባሎቻችንና ለክቡራን መምህራኖቻችንም ጭምር ነው።

እንደሚታወቀው፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ በሆነው አገር አቀፍ ፈተና ላይ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ከእንግሊዝኛ፣ ከሒሳብ፣ ከፊዚክስ፣ ከኬሚስትሪና ከባዮሎጂ ሌላ አፕቲትዩድ የሚባለውን ይፈተናል። የዚህ ፈተና አንዱ ወገን ቁጥርን፣ ሌላው ወገን ቃልን ማመዛዘን ነው። የቃሉ ክፍል አጭር ጽሑፍ ይሰጥና ከጽሑፉ የሚከተለውንና የማይከተለውን ለዩ ይላል፤ በሁለት ቃላት መካከል ያለውን ዝምድና በሌሎች ሁለት ቃላት መካከል ፈልጉ ይላል፤ ክርክር አቅርቦ ጉድለቱ የት ላይ እንደ ሆነ ይጠይቃል። ለብቻው ተነጥሎ የሚጠና መጽሐፍ የለውም። ተማሪውን የሚያስጨንቀውም ይኸው ነው።

ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት የሚፈልግ ሁሉ በዚህ በር ያልፋል። በሩ ምን ያህል የጠበበ እንደ ሆነ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ከመቶ ሃምሳና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች፣ በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ብቻ ነበሩ። ከነዚህም መካከል ሕክምና የሚደርሳቸው የጥቂቶች ጥቂት ናቸው። ስለዚህ በአንድ የትምህርት ዐይነት ላይ የሚጐድል ነጥብ ለዋጃው ልጅ ቀላል ነገር አይደለም፤ በነጭ ካፖርትና በወንጭፍ መካከል ያለው ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ፈተናውም እዚያ ላይ አያበቃም። በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው አዲሱ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች በመግቢያ ፈተና እየለየ ተቀብሏል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ለድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚያመለክት ሁሉ የሚቀመጥበት አገር አቀፍ ፈተና ይኸንኑ የቃል ማመዛዘን ክፍል ይዟል። እንግዲህ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ያመለጠ ቢኖር እንኳ፣ በሌላው ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል ማለት ነው።

በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ስለዚህ ፈተና ሁለት ሐሳቦች ተሰምተዋል።

የመጀመሪያው ሐሳብ፣ «ይህ የቃል ክፍል ለገጠር ልጅ ይሰረዝለት፣ ወይም ይቅለልለት» የሚል ነው። ይህን የሚሉ ጓደኞቻችን ያለ ምክንያት አይደለም። «የከተማው ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንግሊዝኛ እየሰማ ያድጋል፤ በቤቱ መጽሐፍ አለ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር በገንዘብ የሚያስጠናው አለ። የዋጃው ልጅ ግን እንግሊዝኛን የሚያገኘው በመማሪያ መጽሐፍ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም መጽሐፉ ከደረሰው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን መመዘን ፍርድ ማጓደል ነው» ይላሉ። በዚህ ላይ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የራያና የቆቦ ትምህርት ቤቶች ለብዙ ወራት ተዘግተው እንደ ነበር፣ ወንበርና ጥቁር ሰሌዳ የጠፋባቸውም ጥቂት እንዳልነበሩ እናስታውሳለን። የዛሬው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ያን ጊዜ ገና ማንበብን የሚያጠናክርበት ዕድሜ ላይ ነበረ። ያ የጠፋ ጊዜ በማንም መዝገብ ላይ አልተመለሰለትም።

ሁለተኛው ሐሳብ ደግሞ፣ «አፕቲትዩድ የተፈጥሮ ስጦታ ነው፤ ያለው አለው፣ የሌለው የለውም፤ አይጠናም» የሚል ነው። ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ፈተናውን ያለፉት ናቸው።

እኛ በሁለቱም አንስማማም።

በሁለተኛው እንጀምር። ይህ ዐይነት ፈተና የቱ ጋ እንደ ተወለደ ማወቅ ጠቃሚ ነው። በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ዓመታት ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ከሚገቡት ተማሪዎች ብዙዎቹ መካከል ላይ እየወደቁ ይወጡ ነበር። ይህን ለመቀነስ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1928 ፍሬድ ሞስ የሚባል ሰው ባዘጋጀው ፈተና፣ ከሳይንስ ዕውቀት ጋራ የማስታወስን፣ ጽሑፍ አንብቦ የመረዳትንና የማመዛዘንን ችሎታ መመርመር ተጀመረ። የዚያ ፈተና ልጅ ልጅ የሆነው የዛሬው የአሜሪካኖቹ የሕክምና መግቢያ ፈተና፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ከተሻሻለ ወዲህ፣ በንባብና በማመዛዘን ክፍሉ ዘጠኝ ጽሑፎችና 53 ጥያቄዎች አሉት፤ ጊዜው 90 ደቂቃ ነው። የሚያስገርመው ግን ይህ ነው፦ ጽሑፎቹ በብዛት ስለ ሕክምና አይደሉም። ስለ ታሪክ፣ ስለ ሥነ ጥበብ፣ ስለ ፍልስፍና፣ ስለ ሰው ልጅ ኑሮ የተጻፉ ናቸው። ለመመለስም ከጽሑፉ ውጭ ምንም ዕውቀት አያስፈልግም። በእንግሊዝ አገር ያለው ተመሳሳይ ፈተና ደግሞ ለአንዳንድ ጥያቄዎች ሦስት መልስ ያቀርባል፦ «እውነት»፣ «ሐሰት»፣ «ለማለት አይቻልም»።

እንግዲህ የሚጠየቀው ነገር ከጽሑፉ ውስጥ ካለ፣ ችሎታው ጽሑፍን በጥንቃቄ የማንበብ ልማድ ነው። ልማድ ደግሞ ይለመዳል። ማንም ሰው ከእናቱ ማሕፀን አንባቢ ሆኖ አልወጣም። ስለዚህ «አይጠናም» የሚለው ቃል ያለፈው ሰው ራሱን የሚያሞግስበት ነው እንጂ ለወደቀው የሚረዳ ምክር አይደለም።

ነገር ግን የቃላት ዝርዝር መሸምደድ ጥናት ነው ማለታችን አይደለም። እኛ ራሳችን፣ ስሙን በማንጠራው ትምህርት ቤት፣ ከስምንት መቶ የሚበልጡ ቃላት በዝርዝር ሸምድደን ነበር። መምህራችን ዝርዝሩን በየሳምንቱ ይቀበለን ነበር፤ ያጠፋ ይቀጣ ነበር። ከዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ አንድ ሙሉ ገጽ ተነቦልን፣ «ጸሐፊው ምን ለማለት ፈልጎ ነው?» ተብለን አልተጠየቅንም። ከፈተናው ቀን በኋላ ብንቈጥር፣ ከዝርዝራችን ውስጥ ወረቀቱ ላይ ያገኘነው አምስት ቃል አይሞላም። ለማማው ላይ ልጅ ጥያቄ እውነተኛው መልስ ይህ ነበር፤ ለመናገር ግን አፍረን ዝም አልን።

አሁን ወደ መጀመሪያው ሐሳብ እንመለስ። የቃሉ ክፍል ይሰረዝ ለሚሉት ጓደኞቻችን፣ ከዚያው ከማማው ሥር የሆነውን አንድ ነገር እንንገራቸው።

ልጁን በአማርኛ እንዲህ አልነው፦ «በዚህ ሜዳ ጎርፍ የጠጣ ማሳ ሁሉ ለምልሟል። ያ ማዶ ያለው ማሳ ለምልሟል። ስለዚህ ያ ማሳ ጎርፍ ጠጥቷል። ይህ ነገር ልክ ነው ወይስ አይደለም?» ልጁ ቶሎ ብሎ «ልክ ነው» አለ። ከዚያም ቀና ብሎ ማዶውን አየና ሣቀ። «የለም፣ የለም። ያኛው እኮ ሽንኩርት ነው፤ በጉድጓድ ውሃ በፓምፕ ነው የሚጠጣው። ጎርፍ ሳይነካውም ይለመልማል» አለን።

ይህ ልጅ በቃል ማመዛዘን ደካማ ነው ብሎ የሚፈርድ ማን ነው? የራያ ገበሬ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ በየማሳው ማከፋፈልን ከአባቱ ሲማር የኖረ ነው፤ ልጁም ስለ ማሳ ከዩኒቨርሲቲ መምህር በላይ ያውቃል። ያን ጥያቄ በእንግሊዝኛ ጽፈን፣ ስለማያውቀው ከተማ የመሬት ውስጥ ባቡር አድርገን ብንሰጠው ግን ይሳሳት ነበር። የተሳሳተውም ማመዛዘን ስላቃተው ሳይሆን ነገሩን ከፊቱ አድርጎ ሊያየው ስላልቻለ በሆነ ነበር። እንግዲህ ጓደኞቻችን ያነሡት ቅሬታ ግማሹ እውነት ነው፦ ፈተናው የገጠሩ ልጅ አይቶት በማያውቀው ነገር ላይ የቆመ እንደ ሆነ፣ ማመዛዘንን ትቶ መተዋወቅን ይመዝናል። ፈተና አዘጋጆች ከማሽላም፣ ከገበያም፣ ከሽምግልናም ጽሑፍ ያውጡ ብሎ መጠየቅ መብታችን ነው፤ ማኅበራችንም ይህን ጥያቄ በጽሑፍ እንዲያቀርብ እንደግፋለን።

ይሰረዝ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ከሽንኩርቱ ማሳ ወደ ጤና ጣቢያው መሄድ ነው።

በራያ ቆላ ወባ የታወቀ በሽታ ነው። አንዲት እናት ትኩሳት የያዘውን ልጇን አዝላ ትመጣለች እንበል። ደካማው ሐኪም በልቡ እንዲህ ይላል፦ «ወባ የያዘው ሰው ትኩሳት አለው። ይህ ሕፃን ትኩሳት አለው። ስለዚህ ይህን ሕፃን የያዘው ወባ ነው።» ደም ሳያስመረምር የወባ መድኃኒት ሰጥቶ ይሸኛታል። የሕፃኑ በሽታ ግን የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል፤ ታይፎይድ ሊሆን ይችላል፤ ግርሻም ሊሆን ይችላል። ውድ አንባብያን፣ ይህ ስሕተት ልጁ ከማማው ላይ የሠራውና ወዲያው ያረመው ያው ስሕተት ነው። ልዩነቱ፣ በፈተና ወረቀት ላይ አንድ ነጥብ ያስቀንሳል፤ በጤና ጣቢያ ግን መቃብር ያስቈፍራል።

ሌላም አለ። ሽማግሌው መጥተው «ልቤን አመመኝ» ይላሉ። ልብ ማለታቸው ደረታቸውን ነው ወይስ የሆዳቸውን አፍ? ባልቴቷ «ምች መታኝ» ይላሉ። ትኩሳት ነው፣ ራስ ምታት ነው ወይስ ከንፈር ላይ የወጣ ቍስል? በራያ ደግሞ አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ በአንዱ የተጀመረ ወሬ በሌላው ሊያልቅ ይችላል። ሐኪም ከስቴቶስኮፑ በፊት የሚያነሣው መሣሪያ ጆሮው ነው። ታማሚው ያለውንና እሱ ራሱ የገመተውን መለየት የማይችል ሐኪም፣ መድኃኒት ቤቱ ቢሞላለት እንኳ ያው ሐኪም አልሆነም። የቃል ማመዛዘን ፈተና «ጽሑፉ ያለው ምንድን ነው? አንተ የጨመርኸውስ ምንድን ነው?» ሲል የሚጠይቀው ይኸንኑ ነው። «ለማለት አይቻልም» የሚለው መልስ ለብዙዎቻችን የሚከብደን፣ አላውቅም ማለትን ውርደት አድርገን ስላደግን ነው። በሕክምና ግን ብዙ ጊዜ ሕይወት የምታድነው ይህች ቃል ናት፤ ደሙ ይመርመር፣ ታማሚው ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይላክ የምታሰኘው እርሷ ናትና። አባቶቻችን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ያሉት በከንቱ አይደለም።

ቋንቋው የባዕድ ነው ለሚለው ቅሬታ ደግሞ ከዚሁ ከወሎ ምድር ምሳሌ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዝ ጦር ካገኛቸው ሕፃናት አንዱ ወደ ሕንድ አገር ተወሰደ። ያ ሕፃን በባዕድ አገር፣ በባዕድ ቋንቋ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1882 በላሆር በሐኪምነት ተመረቀ፤ እሳቸውም በዘመናዊ ትምህርት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም የሚባሉት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። ይህን የምናነሣው መከራውን ለማስወደድ አይደለም። ሕፃን ከወገኑ ተለይቶ እንዲማር የሚመኝ የለም። ነገር ግን ከኢትዮጵያ አፈር የተነሣ ልጅ በባዕድ ቋንቋ ማመዛዘን ይሳነዋል የሚለው ነገር ከተሻረ ከ140 ዓመት በላይ እንደ ሆነው ለማሳየት ነው። ሐኪም ወርቅነህ በዚያ ቋንቋ ውስጥ እየኖሩ አደጉበት። የኛ ልጅ ግን የሚኖረው ከዝርዝር ጋራ ነው።

ደግሞስ ማመዛዘን ከውጭ የመጣ ዕቃ ነው ያለው ማን ነው? የዘመናዊው ፍርድ ቤት ሥርዓት ከመስፋፋቱ በፊት አባቶቻችን ከዛፍ ሥር ቆመው «በላ ልበልሃ» እያሉ ሲሟገቱ፣ አንዱ የሌላውን ቃል ይዞ፣ «እንዲህ ካልህ እንዲህ ማለትህ ነው» እያለ ያፋጥጠው ነበር። በራያ ቆቦ የዘወልድ ሽማግሎች ደም የተቃቡ ወገኖችን ሲያስታርቁ፣ ማን ምን እንዳለ፣ ካለውም ምን እንደሚከተል ቃል በቃል ይመዝናሉ። የቅኔ ተማሪ ከሰሙ ሥር ወርቁን ሲፈልግ ሌሊቱ ይነጋበታል። በማታም ከምድጃ ዳር «እንቆቅልሽ» ስትለን አያታችን የምታስተምረን ዝምድናን ከዝምድና ጋራ ማስተያየትን ነበር። ይህ ሁሉ በእጃችን ሳለ፣ በፈተናው ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ ሲመጣ እንግዳ የሚሆንብን ድልድዩን የሠራልን ስለ ሌለ ነው።

ድልድዩ እንዴት ይሠራ? ከራሳችን ውድቀትና ከጥቂት ጓደኞቻችን መልካም ልምድ የተማርነውን እንደሚከተለው እንገልጻለን።

አንደኛ፣ በየቀኑ አንድ ሙሉ ገጽ ይነበብ። የተነጠለ ቃል ሳይሆን ገጽ። ከአማርኛ ጋዜጣም ቢሆን ይጀመር። አንባቢው ገጹን ከጨረሰ በኋላ ወረቀቱን ዘግቶ፣ ጸሐፊው ያለውን በሁለት ዐረፍተ ነገር በቃሉ ይናገር። መናገር ካቃተው አላነበበም፤ ዐይኑን ብቻ አንሸራትቷል። በአማርኛ ይህን የለመደ ሰው በእንግሊዝኛ ሲጀምር የሚጐድለው ቋንቋ ብቻ ይሆናል። ሁለቱን በአንድነት የጀመረ ግን የትኛው እንደ ጐደለው እንኳ አያውቅም።

ሁለተኛ፣ ማያያዣ ቃላት ይጠኑ። «ነገር ግን»፣ «ስለዚህ»፣ «ምንም እንኳ»፣ «ካልሆነ በቀር»፣ «ሁሉ»፣ «አንዳንድ»፣ «ብቻ» የሚሉት ቃላት በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባሉና ነገሩን ወዴት እንደሚያዞሩት ማወቅ፣ ከስምንት መቶ ብርቅ ቃላት ይበልጣል። «አንዳንድ» የተባለውን «ሁሉ» አድርጎ ያነበበ ተማሪ፣ ባዮሎጂ ቢያውቅም ይወድቃል።

ሦስተኛ፣ አዲስ ቃል ሲገኝ ከነዐረፍተ ነገሩ ይያዝ፤ ሥሩም ይመርመር። የሕክምና ቃላት አብዛኞቹ ከግሪክና ከላቲን ሥር የወጡ ናቸው። «ሃይፐር» ከመጠን በላይ፣ «ሃይፖ» ከመጠን በታች፣ «ካርዲያ» ልብ መሆኑን ያወቀ ሰው፣ አይቶት የማያውቀውን ቃል ሳይደነግጥ ይገምታል። አንድ ሥር ማወቅ ሃያ ቃል ያስገኛል።

አራተኛ፣ መልስ ከመመረጡ በፊት ማስረጃው ይፈለግ። «ይህን ያለው የቱ መስመር ላይ ነው?» ብሎ ጣትን ማስቀመጥ ነው። ጣት የሚቀመጥበት መስመር ካልተገኘ፣ መልሱ የመጣው ከራሳችን ዕውቀት ነው ማለት ነው። እውነት የሆነ ነገር ሁሉ ከጽሑፉ የሚከተል አይደለም። ጐበዝ ተማሪዎችን ከማንም ይልቅ የሚጥላቸው ይህ ነው፤ ብዙ ስለሚያውቁ ጽሑፉ ያላለውን ያስብሉታል።

አምስተኛ፣ የተሳሳትነውን እንመዝግብ። መልሱ «ሐ» ነው ብሎ ማለፍ ከንቱ ድካም ነው። ለምን «ለ»ን መረጥሁ? ቸኩዬ ነው? ቃሉን ስለማላውቅ ነው? ከጽሑፉ ውጭ ሄጄ ነው? ይህን በደብተር የጻፈ ተማሪ፣ ጥቂት ጊዜ ሳይቈይ የራሱን ደዌ ያውቃል። ሐኪም ለመሆን የሚፈልግ ሰው በሽታን መመርመር ከራሱ ቢጀምር ምን ነውር አለው?

ስድስተኛ፣ ሰዓት ከመጨረሻ ይምጣ። ብዙዎች ከመጀመሪያው ቀን ሰዓት ይዘው ይሮጣሉ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ነው። መጀመሪያ ያለ ሰዓት በትክክል መመለስ ይለመድ፤ ፍጥነቱ ቀስ ብሎ ይከተላል።

ከዚህ ቀጥሎ ቃላችንን ወደ ክቡራን መምህራኖቻችን እናቀናለን። በየአንደኛው ዓመት «ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ» የሚባለው ትምህርት ይሰጠናል። ይህን ትምህርት እንኳ ብዙዎቻችን የምናልፈው የስሕተት ዐይነቶችን ስም በቃል ሸምድደን ነው። ስማቸውን እናውቃለን፤ በጋዜጣ ላይ ወይም በንግግር ውስጥ ስናገኛቸው ግን አናውቃቸውም። የትምህርቱ ፈተና ከምርጫ ጥያቄ ይልቅ አንድ ገጽ ጽሑፍ አቅርቦ ተማሪው በራሱ ቃል እንዲመረምረው ቢያደርግ፣ የማረሚያው ድካም እንደሚበዛ እናውቃለን። ክፍሉም ብዙ ሰው የያዘ ነው። ቢሆንም ነገ በሆስፒታል፣ በፍርድ ቤትና በትምህርት ቤት የምንቀመጠው እኛ ነን። ዛሬ በምርጫ ፊደል የተማርን፣ ነገ የሰው ሕይወት በምርጫ ፊደል አይመጣልንም።

ለማኅበራችንም ሦስት ነገር እናቀርባለን፤ በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ድምፅ እንዲሰጥበት እንጠይቃለን።

ይህን ጋዜጣ በምናባዛበት በዚሁ ማባዣ ሃያ አጫጭር ጽሑፎች፣ አሥሩ በአማርኛ፣ አሥሩ በእንግሊዝኛ፣ ከነጥያቄያቸው ይባዙ። ጽሑፎቹን እኛው ተማሪዎች እንጻፋቸው፤ ስለ ማሽላና ስለ ጎርፍ ጠለፋ፣ ስለ ወባና ስለ ገበያ፣ ስለ ሽምግልናና ስለ ቅኔ ይሁኑ። ከመምህራን ፈቃደኛ የሆኑት ያርሙልን። የሚፈጀው ጥቂት እሽግ ወረቀት ነው።

መንገዱ ሰላም በሆነበት ክረምት፣ ከራያና ከቆቦ አካባቢ የመጣን አባላት ከየዕረፍታችን አራት ሳምንት እንስጥ። በዋጃም ሆነ በቆቦ ትምህርት ቤቱ ለክፍል ይፈቅድልናል ብለን ተስፋ እናደርጋለን፤ ካልፈቀደም ዛፉ አለ። ገንዘብ አንቀበልም። የምናስተምረውም መልስ መምታትን አይደለም፤ ማንበብን ነው።

ከዚህ ግቢ ተመርቆ የሚወጣ እያንዳንዱ አባል ደግሞ ያነበበውን አንድ መጽሐፍ ትቶ ይሂድ። ከተሰበሰበው ላይ ለዋጃ አንድ ሣጥን እንላክ። መማሪያ መጽሐፍ ብቻ አይሁን፤ ልብ ወለድም፣ ታሪክም፣ ያረጀ መጽሔትም ይሁን። የአሜሪካኖቹ የሕክምና ፈተና በንባብ ክፍሉ በብዛት ከሕክምና ውጭ ካሉ ነገሮች የሚጠይቀው፣ ሐኪም ሰውን የሚያክም ስለ ሆነ ነው።

«የራሳችን ጥናት ሳይበቃን የሌላውን?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ለእርሱ የምንለው ይህ ነው። ያስተማረ ሰው ሁለት ጊዜ ይማራል። ደግሞም እኛ ዛሬ በዚህ ግቢ የተቀመጥነው ከማማው ልጅ ስለምንበልጥ አይደለም። ብዙዎቻችን ያለፍነው አንድ ሰው በአንድ ወቅት፣ በአንድ ገጽ ላይ፣ «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ ስለ ጠየቀን ነው። የጠየቀው መምህር ሊሆን ይችላል፣ ቄስ ወይም ሼኽ ሊሆን ይችላል፣ ታላቅ እኅትም ልትሆን ትችላለች። የዋጃው ልጅ የሚጐድለው ያ አንድ ሰው ነው።

አንተ የማማው ላይ ወንድማችን፣ ይህ ወረቀት በሰው እጅ ከደረሰህ፣ መልሳችን ይኸውልህ፦ የሸመደድነው ከስምንት መቶ ቃል በላይ ነበር፤ የጠቀመን ግን ከአምስት አይበልጥም። ዝርዝሩን ጨርሰህ አትጣለው፤ ነገር ግን እጥፉን ፍታና በጀርባው ባዶ ቦታ ላይ ያነበብኸውን ጻፍበት። ስለ ሽንኩርቱ ማሳ ያልኸው ነገር በዚያን ቀን ከሰማነው ሁሉ የተሻለ መልስ ነበር። እንደዚያ ቀና ብለህ ማየትን በወረቀት ላይም ልመድ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እንዲሉ።

በክረምቱ እንመጣለን። ወፉን አንተ ጠብቅ፤ ገጹን አብረን እናነባለን።

የዝግጅት ክፍሉ